የተዘጋ የግቢ በርና የአደጋ ጊዜ መኪና፦ ለየትኛው ግቢ የትኛው የመክፈቻ ዘዴ?

በሞተር የሚከፈት የግቢ በር ሲታዘዝ ወሬው ሁሉ ስለ ሪሞቱ፣ ስለ ካሜራውና ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። ባለቤቱ ውስጥ ራሱን ስቶ ቢወድቅና አምቡላንሱ ደጅ ቢቆም በሩን ማን ይከፍተዋል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በሩ ተተክሎ፣ ሒሳቡ ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ነው። ልቡ በድንገት የቆመ ሰው የደረት ግፊትና የልብ ማስነሻ ካልደረሰለት፣ የመትረፍ ዕድሉ በእያንዳንዱ ደቂቃ ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። በር ላይ የሚባክነው ሁለትና ሦስት ደቂቃ በቀጥታ ከዚህ ላይ የሚቀነስ ነው።

አማራጮቹ ብዙ ናቸው፤ በቁልፍ፣ በኮድ፣ በሳይረን ድምፅ፣ በብርሃን፣ በሬዲዮ፣ በስልክ። ከሁሉም ግን ብቻውን የሚበቃ የለም። ፈጥነው የሚከፍቱት ኤሌክትሪክ ይፈልጋሉ፤ ኤሌክትሪክ የማይፈልጉት ደግሞ ጊዜ ይወስዳሉ። ስለዚህ የሚመረጠው አንድ ዕቃ ሳይሆን ጥንድ ነው፤ አንዱ ፈጣን፣ ሌላው መብራት ባይኖርም በእጅ የሚሠራ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ከዕቃው ጥራት ጋር አይገናኝም፦ አደጋ ላይ የሚመጣው ቡድን በሩን የሚከፍትበትን ነገር አስቀድሞ በእጁ ይዞታል ወይ? እጅግ የተራቀቀ መሣሪያ ቢተከልም የአካባቢው እሳት አደጋ አገልግሎት የማያውቀው ከሆነ ጌጥ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመግዛት በፊት ወደ አገልግሎቱ ደውሎ አራት ነገር መጠየቅ ይገባል። የሚቀበሉት የቁልፍ ዓይነት አለ ወይ? አምቡላንሶቹም ያንኑ ቁልፍ ይይዛሉ ወይ? የበር ኮድ በጥሪ ማዕከሉ መዝገብ ላይ ይያዛል ወይ? ለበሩ ስፋትና ከፍታ የተደነገገ ልክ አለ ወይ? ብዙ ቦታ ላይ የመቆለፊያው ዓይነት ራሱ የአገልግሎቱን ፈቃድ ይፈልጋል።

ሁለተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል የሚለው ነው። እሳትና የመብራት መቋረጥ አብረው የሚመጡ ናቸው፤ ወይ እሳቱ መስመሩን ያቃጥለዋል፣ ወይ ሠራተኞቹ ራሳቸው ለደኅንነት ሲሉ ያቋርጡታል።

ሦስተኛው፣ ከተከፈተ በኋላ ተከፍቶ ይቆያል ወይ? ይህን የሚያስብ ገዢ ጥቂት ነው። የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ ቱቦውን ከመንገድ ዳር የውሃ መስመር እየጎተተ ሳለ በሩ በሰዓቱ ራሱን ቢዘጋ፣ ቱቦው ላይ ይዘጋል። ሁለተኛው መኪናም ደጅ ይቀራል።

አራተኛው ጊዜ ነው፤ ከመኪናው ሳይወርዱ የሚከፈትና ወርደው፣ በባትሪ መብራት ፈልገው የሚከፍቱት አንድ አይደሉም። አምስተኛው፣ ሌላ ማን ሊከፍተው ይችላል የሚለው የጥበቃ ጥያቄ ነው። የመጨረሻው፣ ዘዴው ሲበላሽ ብልሽቱ ይታወቃል ወይ? በየቀኑ የምንነካው ሪሞት ሲበላሽ በዚያው ቀን እናውቃለን። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ የማይነካ የአደጋ መክፈቻ ግን ሞቶ ዓመታት ሊቀመጥ ይችላል።

በሩ ቢከፈትም መኪናው ይገባል?

ስለ መክፈቻ ከመነጋገር በፊት ሜትር ይዞ መለካት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ውስጥ ለግንባታ ደንብ ማስፈጸሚያ የወጣው ሰነድ ውሃ በፓምፕ ለሚረጭ የእሳት አደጋ መኪና ቢያንስ 3.1 ሜትር የበር ስፋት፣ 3.7 ሜትር የመንገድ ስፋት፣ 3.7 ሜትር ከፍታና 12.5 ቶን የሚሸከም ወለል ይጠይቃል። በአሜሪካ በስፋት የሚሠራበት የእሳት መከላከያ ኮድ ደግሞ ለእሳት አደጋ መኪና መንገድ 6.1 ሜትር ያህል ስፋትና 4.1 ሜትር ያህል ከፍታ ያስቀምጣል፤ አንድና ሁለት ቤት ብቻ ለሚያገለግል መግቢያ ግን አካባቢዎች የራሳቸውን ጠበብ ያለ ልክ ያወጣሉ። የሚጸናው የአካባቢው ደንብ ነው። ደንብ በሌለበት 3.7 ሜትር የተጣራ ስፋትና 4.2 ሜትር ከፍታ ይዞ መነሣት ጥሩ ነው።

«የተጣራ» የሚለው ቃል ክብደት አለው። በማጠፊያ የሚከፈት በር 90 ዲግሪ ሲቆም የብረቱ ውፍረትና የሞተሩ ክንድ ከሁለቱም ጎን ቦታ ይወስዳሉ፤ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ 3.5 ሜትር የነበረው በር መኪናው የሚያልፍበት 3.1 ላይሞላ ይችላል። ከበሩ በላይ ያለ ቅስት፣ የጣሪያ ክዳን፣ የተንጠለጠለ የመብራት ገመድና የዛፍ ቅርንጫፍም መለካት አለባቸው። ከጠባብ መንገድ ታጥፎ የሚገባ መኪና የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ፣ ፊት ለፊት ከሚገባው የበለጠ ስፋት ይፈልጋል። ይህን በወረቀት ከመገመት ይልቅ የአገልግሎቱን ሰዎች ጠርቶ ቦታውን ማሳየት ይሻላል።

በሩ ከዋናው መንገድ ቢያንስ አንድ የመኪና ርዝመት፣ ማለትም 10 ሜትር ያህል፣ ገባ ብሎ ቢተከል መኪናው መክፈቻውን ሲጠብቅ መንገዱን አይዘጋም። ሞተር ያለው በር የሚከፈትበት ጊዜም ይቆጠር፤ ተንሸራታች በር በደቂቃ 10 ሜትር የሚሄድ ከሆነ የ4 ሜትር በር 24 ሰከንድ ይፈጃል። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ደግሞ ከኋላው የቆመ መኪና ካለ ጨርሶ አይከፈትም።

ጓጉንቸርና ሰንሰለት

በእጅ ለሚከፈት በር ይህ የሚናቅ አማራጭ አይደለም። መብራት አይፈልግም፣ ሞተሩን የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የለውም፣ ብልሽቱም በዓይን ይታያል። እሳት አደጋ ሠራተኞች ትልቅ የብረት መቀስ ስለሚይዙ ተራ ጓጉንቸር በሰከንዶች ይቆርጣሉ። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ሌባን ፈርቶ የጠነከረ ብረት ቀለበት ያለው፣ ዙሪያውን የተሸፈነ ቁልፍ ሲገዛ ነው። ያን ለመቁረጥ ግራይንደር ማምጣት ያስፈልጋል፤ አምቡላንስ ደግሞ ግራይንደር አይዝም። መፍትሔው ጠንካራውን ጓጉንቸር ትቶ ሰንሰለቱ ውስጥ አንድ ቀጭን፣ ያልጠነከረ ብረት መቆራረጫ ቀለበት ማስገባት ነው፤ 6 ሚሊሜትር ያህል ይበቃል። ቀለበቱን በደማቅ ቀለም መቀባትም የሚቆረጠውን ቦታ በጨለማ ያሳያል።

አገልግሎቱ የራሱ ጓጉንቸር ካለው ከባለቤቱ ጓጉንቸር ጋር በሰንሰለት ማያያዝ ይቻላል። ሁለቱ እርስ በርስ ተያይዘው ሲቆለፉ የአንዱ መከፈት ሰንሰለቱን ይፈታዋል። እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ፤ ሰው ጓጉንቸሩን ከሌላው ጓጉንቸር ጋር በማያያዝ ፈንታ ሰንሰለቱን ብቻ ደርቦ ይቆልፍና ሌላውን ከጨዋታ ውጪ ያደርገዋል። ቁልፍ በተነካ ቁጥር አያያዙን ማየት ያስፈልጋል።

የቁልፍ ሣጥን

በበሩ ምሰሶ ላይ የሚታሰር ወፍራም የብረት ሣጥን ነው፤ በአገልግሎቱ ማስተር ቁልፍ ብቻ ይከፈታል፤ ውስጡ የበሩ ቁልፍ፣ የሞተሩ ማላቀቂያ ቁልፍ (ሞተሩን ከበሩ አላቅቆ በሩን በእጅ ለመግፋት የሚያገለግለው) እና የቤቱ ቁልፍ ይቀመጣል። ትልቁ ጥቅሙ ሠራተኞቹ በሩን አልፈው የቤቱንም በር ሳይሰብሩ መግባታቸው ነው። ብቻውን ለሚኖር ሕመምተኛ ከዚህ የሚሻል የለም። ከመሬት 1.5 እስከ 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከመግቢያው በሚታይ ቦታ፣ ከውስጥ በኩል በሚጠበቅ ቡሎን ይታሰር።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቤቱ ቁልፍ ሲቀይር ሣጥኑ ውስጥ ያለው አሮጌው ይቀራል። ሁለተኛ፣ ማስተር ቁልፉ የእሳት አደጋው ሆኖ አምቡላንሱ ላይ ላይኖር ይችላል። በቁጥር የሚከፈት ርካሽ ሣጥን ይህን ሁለተኛውን ችግር ይፈታዋል፤ ቁጥሩን ለጥሪ ማዕከሉ መስጠት ይቻላልና። በምትኩ ሣጥኑ በመዶሻ የሚሰበር ዓይነት ስለሚሆን ከመንገድ የሚታይ ቦታ ላይ አይሰቀል።

በአገልግሎቱ ቁልፍ የሚዞር ማብሪያ

ለሞተር በር ይህ በብዙ አገልግሎቶች ዘንድ የታወቀ ነው። ከውጭ ምሰሶው ላይ የሚተከል ማብሪያ ሆኖ ሠራተኛው የያዘውን ቁልፍ አስገብቶ ሲያዞር ሁለት ሽቦ ይገናኛል፤ ቦርዱ በሩን ይከፍታል። አሠራሩ ቀላል ስለሆነ የሚበላሸው ጥቂት ነው። የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ተካዩ በሚያስረው ቦታ ነው።

አብዛኛው የበር ቦርድ ቢያንስ ሁለት የትእዛዝ መግቢያ አለው። «ስታርት» ወይም «ስቴፕ» የሚባለው በተነካ ቁጥር ይቀያይራል፤ ክፈት፣ ቁም፣ ዝጋ። «ኦፕን» የሚባለው መክፈት ብቻ ያውቃል። የአደጋ መክፈቻ «ስቴፕ» ላይ ከታሰረ በሩ እየተከፈተ ሳለ ሁለተኛው ሠራተኛ ቁልፉን ደግሞ ሲያዞር በሩ ይቆማል፣ ሲደግመውም ይዘጋል። ስለዚህ ያለ ምንም ድርድር «ኦፕን» ላይ ይታሰር። ማብሪያው ራሱ ሲለቁት ተመልሶ የሚዞር ሳይሆን ባዞሩት ቦታ ላይ የሚቀር ይሁን፤ ያኔ ትእዛዙ ስለማይቋረጥ፣ የመዝጊያ ሰዓቱ ቢሞላም አብዛኛው ቦርድ በሩን አይዘጋም። ይህ በሚገዛው ቦርድ ላይ እውነት መሆኑን ተካዩ ፊት በሰዓት ለክቶ ማረጋገጥ ይገባል።

ሌላው የሚረሳ ነገር የማቆሚያ መስመሩ ነው። የብዙ ቦርድ «ስቶፕ» መስመር ሁልጊዜ የተገናኘ መሆን አለበት፤ ሽቦውን አይጥ ከበላው ወይም ከዛገ ቦርዱ ማንኛውንም ትእዛዝ አይቀበልም፤ የአደጋውንም ጭምር። የአደጋ ማብሪያው ሽቦም በበሩ ውስጠኛ በኩል በቧንቧ ይለፍ፤ ከውጭ የተጋለጠ ሽቦ ሌባ ገልጦ በማገናኘት ብቻ በሩን ይከፍትበታል።

የኮድ መጫኛ

በጣም የተስፋፋው ይህ ነው፤ በጣም የሚያሳዝነውም ይህ ነው። ኮዱ ለአገልግሎቱ ተሰጥቶ ነበር፣ ከዚያ ተቀየረ፣ ማንም አላሳወቀም። ወይም ኮዱ በአካባቢው ጣቢያ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን የመጣው ከሌላ ጣቢያ ነው። የሚሠራ እንዲሆን ለአደጋ ብቻ የሚያገለግል፣ ከቤተሰቡና ከዕቃ አድራሽ ኮድ የተለየ፣ የማይቀየር አንድ ኮድ መመደብ አለበት። የነዋሪዎቹ ኮድ በየጊዜው ሲቀየር እርሱ አይነካም። ኮዱ የሚቀመጠው በአንድ ጣቢያ ሳይሆን በጥሪ ማዕከሉ የአድራሻ መዝገብ ላይ ነው፤ ከዚያ ለማንኛውም ለሚላክ ቡድን በሬዲዮ ይነገራል። የመጫኛው ቁጥሮች በሌሊት መብራት ሊኖራቸው ይገባል፤ የደበዘዘ ቁልፍ በወፍራም ጓንት መጫን አይቻልም።

የሳይረን ድምፅ የሚሰማ ሴንሰር

ከመግቢያው አጠገብ የሚሰቀል ማይክሮፎን ነው። ሳይረኑ በፍጥነት እየወጣና እየወረደ የሚጮኸውን ድምፅ ለጥቂት ሰከንዶች ሲሰማ ለይቶ በሩን ያስከፍታል። ከሌሎቹ ሁሉ የሚለይበት ትልቅ ነገር አለው፦ አምቡላንስም፣ እሳት አደጋም፣ ፖሊስም፣ ከየትም ጣቢያ ይምጡ፣ ምንም ቁልፍ ወይም ኮድ ሳይይዙ ከመኪናቸው ሳይወርዱ ይከፍቱታል። ብዙ ቤት ለሚኖርበት የጋራ ግቢ ከኤሌክትሪክ ዘዴዎች ሁሉ ቀዳሚው ምርጫ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

ድክመቶቹም እውነተኛ ናቸው። በዋናው መንገድ የሚያልፍ አምቡላንስ በሩን ሊከፍተው ይችላል፤ ስለዚህ ሴንሰሩ ወደ መግቢያው አቅጣጫ ይዙር፣ የመስሚያ ኃይሉም መኪናው በሩ ፊት ሲቆም ብቻ እንዲሰማ ይቀነስ። በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ ተመሳሳይ ድምፅም ሊያታልለው ይችላል፤ ከፍተኛ ጥበቃ ለሚፈልግ ቦታ ይህ መታወቅ አለበት። በሌሊት ደግሞ ብዙ አሽከርካሪዎች ሰው ላለመቀስቀስ ሳይረን አጥፍተው ይመጣሉ፤ በሩ በሳይረን እንደሚከፈት የሚገልጽ፣ ብርሃን የሚያንጸባርቅ ምልክት በሩ ላይ ካልተለጠፈ መሣሪያው መኖሩን አያውቁም። ማይክሮፎኑን የሸረሪት ድርና አቧራ ይደፍነዋል። ሲፈተሽም በስልክ ከተቀዳ ድምፅ ይልቅ በእውነተኛ መኪና ቢሆን ይመረጣል፤ አገልግሎቱ በጉብኝት ቀን ሊያደርገው ይችላል።

የብርሃን ተቀባይና የሬዲዮ ተቀባይ

አንዳንድ ከተሞች የትራፊክ መብራት ለአደጋ መኪና አረንጓዴ እንዲሆን መኪናው ላይ ዓይን የማያየው ብርሃን የሚረጭ መሣሪያ ይጭናሉ። ያንኑ ብርሃን የሚቀበል ዕቃ በር ላይ መትከል ይቻላል። ፈጣንና ጸጥ ያለ ነው፤ ግን መሣሪያው በሌለው መኪና ላይ ዋጋ የለውም፤ መግቢያው ጠመዝማዛ ከሆነም አይሠራም፤ መኪናውና ተቀባዩ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸውና።

የሬዲዮ ተቀባዩ ሠራተኛው የሬዲዮ መናገሪያውን ሲጫን የሚወጣውን ሞገድ በቅርብ ርቀት ለይቶ በሩን ይከፍታል። ጥሩ የሚሆነው አካባቢው በሙሉ ተስማምቶ የተቀበለው ከሆነ ነው። አገልግሎቱ የሬዲዮ ሥርዓቱን ሲቀይር ተቀባዩም ካልተስተካከለ በጸጥታ ይሞታል። ሁለቱም ግለሰብ ብቻውን ወስኖ የሚገዛቸው አይደሉም።

በስልክና በመተግበሪያ የሚከፈት

ሲም ካርድ ያለው ዕቃ ቦርዱ ላይ ይታሰራል፤ የተፈቀደ ቁጥር ሲደውል በሩ ይከፈታል። ለቤተሰብ ምቹ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ከተማ ሆኖ ለአምቡላንሱ ሊከፍት ይችላል። የአደጋ መክፈቻ አድርጎ በእርሱ ላይ ብቻ መተማመን ግን ስሕተት ነው። የአምቡላንሱ ስልክ በተፈቀዱት ውስጥ የለም። የሲም ሒሳብ ያልቃል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ የስልክ ድርጅቶች አሮጌውን ኔትወርክ ሲዘጉ በእርሱ ብቻ የሚሠራው ዕቃ በዚያው ቀን ይሞታል። እንደ ተጨማሪ ይያዝ።

ዘበኛ

ሌት ተቀን ሰው ካለ ከሁሉም ይበልጣል፤ መኪናውን ወደ ትክክለኛው ቤት ይመራልና። ግን እርሱም በእጅ መክፈቻውን መልመድ አለበት። መብራት ሲጠፋ የሞተሩን ማላቀቂያ የት እንዳለ የማያውቅ ዘበኛ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው።

መብራት ሲጠፋ፦ ባትሪ፣ ራስ ከፈት፣ በእጅ ማላቀቂያ

ከላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ዘዴዎች ሁሉ እዚህ ላይ ይፈተናሉ። የተለመደው መጠባበቂያ ሁለት 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት የታሸጉ ሊድ አሲድ ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው 24 ቮልት የሚሰጡ ናቸው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት ነው፤ በሞተሩ ሣጥን ውስጥ የፀሐይ ሙቀት ካገኛቸው ከዚህም ያንሳል። ከቻርጀር ተላቀው ጥቂት ሰዓት ያረፉ ሁለት ባትሪዎች 25.2 ቮልት ወይም በላይ ማሳየት አለባቸው፤ 24 እና ከዚያ በታች ካሳዩ አልቀዋል። ይህ ልኬት ብቻውን ግን ያታልላል፤ ያረጀ ባትሪ ጭነት ሳይኖርበት ጥሩ ቮልት አሳይቶ ሞተሩ ሲጎትተው ይወድቃል። እውነተኛው ፈተና ብሬከሩን አውርዶ በሩን አምስት ጊዜ መክፈትና መዝጋት ነው።

ባትሪው ከመሞቱ በፊት በሩ ራሱን ከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ የሚችሉ ቦርዶች አሉ። ለጋራ ግቢና እሳት በሚበዛበት ደን ዳር ላለ ቤት ይህ ቅንብር በጣም ይመከራል፤ የውጭው ሰው እንዲገባ ብቻ ሳይሆን የውስጡ እንዲሸሽም ያገለግላል። ዋጋው በሩ በጨለማ ክፍት ሆኖ ማደሩ ነው። ያን የማይቀበል ባለቤት በእጅ ማላቀቂያውን ከውጭ እንዲደረስበት ማድረግ አለበት።

ብዙ በሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ማላቀቂያው ሞተሩ ላይ ነው፤ ሞተሩ ደግሞ ከውስጥ ነው! ከውጭ የቆመው ሠራተኛ ቁልፉን ቢይዝም እጁ አይደርስም። መፍትሔው ሦስት ዓይነት ነው፤ ከሞተሩ የማላቀቂያ ዘንግ በገመድ ወደ ውጭ ሣጥን የሚወጣ መጎተቻ፣ ከውጭ የሚገባ የቁልፍ ቀዳዳ ያለው ማላቀቂያ፣ ወይም ከጎን የምትከፈት የሰው መግቢያ በር። ሞተሩ ከተላቀቀ በኋላ በሩ በአንድ ሰው ጉልበት መገፋት አለበት፤ ሐዲዱ በጠጠር የተሞላ ተንሸራታች በር ይህን አያልፍም። ተዳፋት ላይ ያለ በር ሲላቀቅ በራሱ ክብደት እንዳይንደረደርም ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካው የበር ግንባታ መስፈርት ኤፍ 2200 ይህን በግልጽ ይከለክላል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ጠንካራ ማቆሚያ ይኑር።

የመቆለፊያው ዓይነትም ይመርመር። የማግኔት ቁልፍ መብራት ሲጠፋ ይለቃል። በኤሌክትሪክ ጥቅል የሚሳብ ምላስ ያለው ቁልፍ ግን መብራት ሲጠፋ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ሞተሩ ቢላቀቅም በሩ አይከፈትም፤ የራሱ ሜካኒካል ቁልፍ ሊኖረው ይገባል፤ ያም ቁልፍ ሣጥኑ ውስጥ ይግባ።

ሁሉም በአንድ ሰንጠረዥ

| ዘዴ | ያለ መብራት | ማን ይከፍታል | ፍጥነት | ዋና ድክመት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ጓጉንቸር ከመቆራረጫ ቀለበት ጋር | ይሠራል | መቀስ ያለው ሁሉ | መካከለኛ | ሌባም ይቆርጠዋል | በጣም ዝቅተኛ |
| የቁልፍ ሣጥን | ይሠራል | ማስተር ቁልፍ ወይም ቁጥሩ ያለው | መካከለኛ | አሮጌ ቁልፍ ይቀርበታል | ዝቅተኛ |
| በአገልግሎቱ ቁልፍ የሚዞር ማብሪያ | በባትሪ ብቻ | ቁልፉ ያለው ቡድን | ጥሩ | የተሳሳተ አስተሳሰር | ዝቅተኛ |
| የኮድ መጫኛ | በባትሪ ብቻ | ኮዱ የደረሰው | መካከለኛ | ኮድ ይቀየራል | ዝቅተኛ |
| የሳይረን ሴንሰር | በባትሪ ብቻ | ሳይረን ያለው መኪና ሁሉ | በጣም ጥሩ | የሐሰት መከፈት | መካከለኛ |
| የብርሃን ተቀባይ | በባትሪ ብቻ | መሣሪያው የተጫነበት መኪና | በጣም ጥሩ | መተያየት ይፈልጋል | ከፍተኛ |
| የሬዲዮ ተቀባይ | በባትሪ ብቻ | የተመዘገበ ሬዲዮ ያለው | በጣም ጥሩ | የሬዲዮ ሥርዓት ሲቀየር ይሞታል | ከፍተኛ |
| ስልክ | በባትሪና በኔትወርክ | የተፈቀደ ቁጥር | ያልተረጋገጠ | ሒሳብና ኔትወርክ | ዝቅተኛ፣ ግን ወርኃዊ |
| ዘበኛ | ከሠለጠነ ይሠራል | ራሱ ዘበኛው፣ ለማንም | በጣም ጥሩ | ሰው ሁልጊዜ የለም | ከሁሉም ከፍተኛ |

ለየትኛው ግቢ የትኛው?

በእጅ የሚከፈት በርና አነስተኛ በጀት ላለው፦ ጓጉንቸር ከመቆራረጫ ቀለበት ጋር፣ ከተቻለም የአገልግሎቱ ጓጉንቸር አብሮ። ተጨማሪ ገንዘብ ካለ ወደ ሞተር ሳይሆን ወደ ቤት ቁጥር ይሂድ። የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ኮድ የቤት ቁጥሩ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ቁመት እንዲኖረውና ከጀርባው ቀለም ተለይቶ እንዲታይ ይጠይቃል። ቤቱ ከመንገድ የማይታይ ከሆነ ቁጥሩ በሩ ላይ መኖር አለበት፤ የተሳሳተ በር ላይ የቆመን አምቡላንስ የትኛውም መክፈቻ አይረዳውም።

የሞተር በር ያለው የአንድ ቤተሰብ ግቢ፦ የአገልግሎቱ ቁልፍ ማብሪያ፣ ባትሪ፣ ከውጭ የሚደረስ ማላቀቂያ። አገልግሎቱ የቁልፍ ሥርዓት ከሌለው በማብሪያው ፈንታ የአደጋ ኮድ ይመደብ።

አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ብቻውን የሚኖርበት ቤት፦ እዚህ የሚመጣው አምቡላንስ እንጂ እሳት አደጋ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው በቁጥር ለሚከፈት የቁልፍ ሣጥንና ቢያንስ 90 ሴንቲሜትር ለምትሰፋ የሰው መግቢያ በር ነው። ቃሬዛ ይዞ ለመግባት ትልቁ በር መከፈት የለበትም። የሰው መግቢያዋ በሚንቀሳቀሰው በር ውስጥ የተቆረጠች ከሆነ ክፍት ሳለች ሞተሩ እንዳይነሣ የሚያቋርጥ ማብሪያ ይኑራት።

ብዙ ቤት ያለበት የጋራ ግቢ፦ የሳይረን ሴንሰርና የቁልፍ ማብሪያ አብረው፣ ሁለቱም «ኦፕን» ላይ ታስረው፣ ባትሪው ሲያልቅ በሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ቅንብር በርቶ። በጀት ከጠበበ የሚቀነሰው ካሜራው ነው፤ ባትሪውና ማላቀቂያው አይነኩም።

ረጅም መግቢያ ያለው ከከተማ ወጣ ያለ ቤት፦ ከበሩ በኋላ መኪናው የሚዞርበት ቦታ መኖሩ ከመክፈቻው እኩል ያስፈልጋል። የእንግሊዙ ሰነድ ከ20 ሜትር በላይ ለሚረዝም መውጫ አልባ መግቢያ፣ የአሜሪካው ኮድ ደግሞ ከ45 ሜትር ያህል በላይ ለሚረዝም፣ መዞሪያ ይጠይቃሉ። ዳር ላይ ሆኖ ኔትወርክ የማይደርስበት ስለሚበዛ የስልክ መክፈቻ አይታሰብ።

ከፍተኛ ጥበቃ የሚፈልግ ቦታ፦ የሳይረን ሴንሰርን ትቶ ቁልፍ ማብሪያና የቁልፍ ሣጥን። ሣጥኑ ሲከፈት ማንቂያ የሚልክ ማብሪያ ቢኖረው ይመረጣል።

ተካዩ ከመሄዱ በፊትና ከዚያ በኋላ

ርክክቡ የሚፈረመው እነዚህ ከታዩ በኋላ ነው። ብሬከሩን አውርዶ በአደጋ መክፈቻው መክፈት። ከዚያ ባትሪውንም ነቅሎ አንድ ሰው ከውጭ ብቻውን እንዲከፍተው ማድረግ፤ ከ2 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ማላቀቂያው ወይም ምልክቱ ይስተካከል። መብራቱን መልሶ በአደጋ መክፈቻ መክፈት፣ ከመዝጊያ ሰዓቱ ሁለት እጥፍ መጠበቅና አለመዘጋቱን ማየት። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ትእዛዝ ሰጥቶ እየተከፈተ ያለው በር አለመቆሙን ማረጋገጥ። የአደጋ መክፈቻው የሰው መጨፍለቂያ መከላከያዎቹን፣ ማለትም የብርሃን ዓይኖቹንና የጠርዝ ጎማውን፣ እንዳላቋረጠ መፈተሽ፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው በሩ መንገድ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ።

በየወሩ የአደጋ መክፈቻው አንድ ጊዜ ይነካ። በየስድስት ወሩ የብሬከሩ ፈተና ይደገም፣ ሐዲዱ ይጠረግ፣ ማላቀቂያው በቅባት ይለስልስ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቁልፍ በእውነት መክፈቱ ይሞከር። ባትሪው ላይ የተገዛበት ቀን በማርከር ይጻፍና በአራተኛው ዓመት ጥሩ ቢመስልም ይቀየር። ቁልፍ፣ ኮድ ወይም ሞተር በተቀየረ ቀን ለጥሪ ማዕከሉ ይደወል፤ በአድራሻው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው መረጃም አጭር ይሁን፦ በሩ የትኛው መንገድ ላይ እንዳለ፣ በምን እንደሚከፈት፣ መብራት ከሌለ ማላቀቂያው በየትኛው ምሰሶ እንደሆነ፣ ከበሩ እስከ ቤቱ ስንት ሜትር እንደሚሆን።